የአምበርብር ጽጌረዳ

በአንድ ወቅት፣ ከጣርማ በር ወረድ ብላ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች፣ ጉሙ እንደ ቤተ ዘመድ ሳያንኳኳ ቤት በሚገባባት መንደር፣ ወይዘሮ ዘርትሁን የሚባሉ ሴት ነበሩ። የምነግራችሁ በእሳቸው ላይ የደረሰውን ነው። እሳቸው ሊፈርዱት ያልቻሉትን ፍርድ ደግሞ ስጨርስ ለእናንተ እተወዋለሁ።

የወይዘሮ ዘርትሁን ባል አቶ አምበርብር ግንበኛ ነበሩ። ገና ሳይጋቡ ራቅ ካለ አገር የአንድ ባላባት ግቢ ሲገነቡ ከርመው ተመለሱ። የዚያን ዓመት ሙሽሮች ሁሉ የጆሮ ወርቅ አደረጉ፤ ወይዘሮ ዘርትሁን ግን ከጫጉላ ሲወጡ ያገኙት ከደጃፉ ጎን የቆመች አንዲት ጽጌረዳ ነበረች። «ወርቅ አልሞላልኝም። ይህችን ግን ከባላባቱ በቀር ማንም የለውም» አሏቸው ባላቸው። እውነታቸውን ነበር። በዚያ አገር እንዲህ ያለ አበባ ታይቶ አይታወቅም፤ ቀይነቱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ እርስ በርሱ የተደራረበ፣ ጠዋት ጠዋት ሽታው እንግዳውን በር ላይ የሚቀበል። ወይዘሮ ዘርትሁን ልጅ ሲያስጠምቁም ሆነ ሬሳ ሲሸኙ ከእሷ ሳይቀጥፉ ከቤት አይወጡም። አቶ አምበርብር ያረፉ ዕለትም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው የእሷ አበባ ነበር።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። የመጀመሪያው ላቀው የአባቱን ሙያ ይዞ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ሰገነት የድንጋይ ቤት ሠርቶ ከሚስቱ ከደብሪቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል። ሁለተኛዋ ወለላ ከገደሉ ማዶ ተድራ የራሷን ትዳር ይዛለች። የመጨረሻው ማንደፍሮ ገና አላገባም፤ መንደሩ ዳር ብቻውን ንብ ያነባል።

ታዲያ አቶ አምበርብር ባረፉበት ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ጽጌረዳዋ ታመመች። ቅጠሏ ነቁጥ አወጣ፣ ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ። ከቅርንጫፎቿ ጫፍ እንደ ጥቀርሻ ያለ ጥቁረት ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድ ጀመር። ወይዘሮ ዘርትሁን ያላደረጉት የለም። አመድ ነሰነሱ፣ ፍግ አስታቀፉ፣ ጠበል ረጩ። ውርጭ ሲበረታ ጋቢያቸውን ለእሷ አልብሰው እሳቸው በነጠላ ይሆናሉ። ሰው እንዳይታዘባቸው የግቢውን በር ዘግተው ያነጋግሯታል። «አንቺም ልትከተዪው ነው?» ይሏት ነበር።

የሙት ዓመቱ ቀን ደረሰ። ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ሰዉ ዳስ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ወይዘሮ ዘርትሁን የቀረችውን አንዲት እንቡጥ ለመቃብሩ ሊቀጥፉ ወጡ። ገና እጃቸው ሲነካት እንቡጧ ከነአንገቷ ተገንጥላ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። በጣታቸው ገለጥ ቢያደርጓት ውስጧ ከሰል ነው። ክው አሉ። እንቡጧን እንደያዙ ወደ ዳሱ ተመልሰው ከሰዉ መካከል ቆሙ። የሚናገሩትን አስቀድመው ያሰቡበት አይመስሉም ነበር።

«ይህችን ተክል ያዳነልኝ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጧሪ ቀባሪዬ እሱ ነው» አሉ። «ቤቱም ግቢውም የእሱ፤ እርጅናዬም በእሱ እጅ። ከዚህ ቃሌ ብወጣ የአምበርብር አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።»

 በሙት ዓመቱ ቀን በሟች አጥንት የተማለ መሐላ ተመልሶ አይዋጥም። ሦስቱ ልጆች ተያዩ።

በማግሥቱ ላቀው ሥራ አልሄደም። ከጽጌረዳዋ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥላ ሲመለከት ዋለ። የጠዋቷ ፀሐይ ከገደሉ ስትወጣ የሚጋርዳት የእሱ ሰገነት ነው። ዞራ ተክሏ ላይ ልታርፍ ስትል ደግሞ ጉሙ ይደርሳል። ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ጽጌረዳዋ አንድ ቀን እንኳ ፀሐይ እንዳልጠገበች ያን ዕለት ገባው።

እሑድ ወይዘሮ ዘርትሁን ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ከሩቅ የቆርቆሮ ጩኸት ሰሙ። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የላቀው ቤት ጣሪያ የለውም። ሰገነቱ ወርዷል። ላቀው ግንቡ አናት ላይ ቆሞ፣ አባቱ በሕይወት ሳሉ ማዕዘኑን ያስያዙለትን ድንጋይ በመዶሻ እየነቀለ ወደ ታች ይጥላል። ደብሪቱ ልጇን አዝላ ከአልጋውና ከድስቱ መሐል ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«ምን ሆናችሁ? ምን ነካው?» አሏት ወይዘሮ ዘርትሁን።

«ሙት አማክሮ ነው መሰለኝ» አለች ደብሪቱ። «እኔንስ አላማከረኝም።»

ላቀው ሚስቱንና ልጁን ይዞ ከእናቱ ጓሮ ባለች ደሳሳ ማድቤት ገባ። የመንደሩ ሰው ግማሹ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ሲል ግማሹ «ይህ ሰው አብዷል» አለ። ወይዘሮ ዘርትሁን የቱን እንደሚሉ ግራ ገባቸው። ልጃቸው ለእሳቸው ብሎ ጎጆውን እንዳፈረሰ ሲያስቡ ደስ ከማለት ይልቅ ይበርዳቸው ነበር። ፀሐይዋ ግን ጠዋት ጠዋት በቀጥታ ጽጌረዳዋ ላይ ታርፍ ጀመር። ገና ካለፈ በኋላ፣ ከግንዷ ግርጌ እንደ ጉልበት ካበጠው ቋጠሮ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ቀላ ያለች ለጋ ቡቃያ ብቅ አለች። ወይዘሮ ዘርትሁን ተንበርክከው ሳሟት። ቀስ በቀስ አድጋ ስንዝር አለፈች። ከዚያ ሁሉ ጥቁር እንጨት ጥቁረቱ ያልነካት እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ጠዋት ቢወጡ ቡቃያዋ የለችም። ፍየል በላት እንዳይሉ፣ የቀረው ጉጥ በስለት የተቆረጠ ነው። ወይዘሮ ዘርትሁን እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እንደ ቆሙ ቀሩ። ልጆቹ ተጠሩ። ላቀው ምንም እንዳላወቀ ተናገረ። ወለላ ከማዶ መጥታ ተክሏን እንዳልነካች ነገረቻቸው። ማንደፍሮም ዓይኑን ሳይሰብር «እኔም አላየሁም» አለ።

ያን ጊዜ የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ደብሪቱ ዞረ። ቤቷ ያለ ፈቃዷ የፈረሰባት እሷ ናት። ከጽጌረዳዋ ጥቂት እርምጃ ርቃ፣ ቢላ ካለበት ማድቤት የምታድረው እሷ ናት። ፊት ለፊት የከሰሳት የለም። ነገር ግን ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ላቀው እንኳ አንድ ቀን «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልጣላሽም» አላት። ልጇን ይዛ ማለች። አላመናትም። ወይዘሮ ዘርትሁንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላመኗትም፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗን እያዩ አያነጋግሯትም ነበር።

ቡቃያዋ ከጠፋች ወዲህ ጥቁረቱ ፈጠነ። ወለላ ገደሉን እያቋረጠች ትመጣና ጎንበስ ብላ በጣቷ ትለካዋለች፤ ለማንም ምንም አትልም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጥቁሩ ቋጠሮውን አልፎ መሬት ሊነካ ተቃረበ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ቤት ውስጥ ሳሉ የመጀመሪያውን የመጥረቢያ ምት ሰሙ። ላቀው እንጨት የሚፈልጥ መሰላቸው። ሁለተኛው ሲያርፍ ግን ድምፁ ከየት እንደሆነ ልባቸው ነገራቸው፤ በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጡ። የሠርጋቸው ጽጌረዳ ከነቅርንጫፏ መሬት ላይ ተዘርራለች። ወለላ የባሏን መጥረቢያ ይዛ፣ ክንዷ በእሾህ ተቦጫጭሮ ደም እያዠ፣ የቀረውን ጉቶ እንጨቱ ነጭ እስኪሆን ዝቅ አድርጋ ትከረክማለች።

 ወይዘሮ ዘርትሁን ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

«እምዬ» አለች ወለላ መጥረቢያውን ጥላ። «ጥቁሩ ሥሩ ሊገባ ነበር። አባዬ በእጁ የተከለው ሥሩን ነው። ሥሩ ከሞተ ምን ይቀርሻል?»

«አምበርብር የሞተ ዛሬ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። 

ወለላ የቆረጠችውን ሰብስባ አቃጠለች፤ ጉቶውን ፍግ አልብሳ ዙሪያውን በእሾህ አጠረችና ሳትመረቅ ወደ ማዶ ተመለሰች። ወይዘሮ ዘርትሁን ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊት ለፊቱን በር ዘግተው በጓሮ ይወጡ ይገቡ ነበር። የወለላ ባል ለፋሲካ ዶሮ ቢልክ እንኳ ዶሮው ተመለሰ።

የበልጉ ዝናብ ሲጥል ላቀው እየሮጠ ጠራቸው። የመጡት እየፈሩ ነው። ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያ ፈልቷል፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ እንደ ጓሮ ጎመን ነው። ከቀን ወደ ቀን የሚመዘዝ፣ ወፍራም፣ አንድም ነቁጥ የሌለበት። ወይዘሮ ዘርትሁን ያዩትን ማመን አቃታቸው። በነጋታው በቅሎ ጭነው ገደሉን ተሻገሩ፤ የወለላ በር ላይ ሲደርሱም ወርደው አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆሙ። እናት ለልጇ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ስትለምን ያ አገር አይቶ አያውቅም። ወለላ ወጥታ ስታያቸው እንደ መጮህ አለችና ድንጋዩን አውርዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ተላቀሱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ጧሪ ቀባሪያቸው ወለላ ናት ተባለ። ላቀው ከፋው፣ ግን አልተከራከረም። ክረምቱ አልፎ አዲሶቹ ቅርንጫፎች እንቡጥ ሲይዙ፣ ወይዘሮ ዘርትሁን መሐላቸውን ሊፈጽሙ ሽማግሎች ጠሩ። ከሁሉ ታላቅ የነበሩት የአቶ አምበርብር እኩያ አያ ደጀኔ ናቸው። ልጆቹም ጎረቤቱም ተሰበሰበ፤ እንቡጧ የምትፈነዳበትን ጠዋት ለማየት ሰው ቁርሱን ሳይበላ መጣ። ፀሐይዋ ከገደሉ ወጥታ ሞቅ ስታደርጋት የመጀመሪያዋ እንቡጥ ተከፈተች።

ነጭ ናት።

አምስት ሳሳ ያሉ ቅጠሎች፣ መሐላቸው ቢጫ። መደራረብ የላት፣ ያ ሽታ የላት። ከወንዝ ዳር፣ ከአጥር ጥግ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል፣ ልጆች ፍሬውን እየለቀሙ የሚበሉት ቀጋ።

 ወይዘሮ ዘርትሁን እጃቸውን ሰደዱና አበባዋን ሳይነኩ መልሰው ሰበሰቡት። በመጨረሻ የተናገሩት አያ ደጀኔ ናቸው።

«ዘርትሁን፣ አልነገረሽም እንዴ?» አሉ።

ሽማግሌው እንደ አወሩት፣ አምበርብር ከባላባቱ ግቢ ያመጣው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ ሥር የለውም። የአገሩ ውርጭ እንደሚገድለው ስላወቀ፣ ደጃፉ ላይ የነበረውን ቀጋ ቆርጦ ጉቶውን ሰነጠቀና ቅርንጫፉን እዚያ ሻጠው፤ በልጥም አሰረው። ልጡን ሲያስር የያዙለት እሳቸው ናቸው። ያ ያበጠው ቋጠሮ ሁለቱ የተጋጠሙበት ነው፤ ከዚያ በላይ ጽጌረዳ፣ ከዚያ በታች ቀጋ። ወለላ የቆረጠችው ደግሞ ከዚያ በታች ነው።

የወለላ ፊት አመድ መሰለ። ወይዘሮ ዘርትሁን ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን ሲያጠጡና ሲያለብሱ የኖሩት ሥር ከአጥር ጥግ ሲያስመነጥሩት የኖሩት ቀጋ መሆኑን ሲሰሙ፣ የሚቆጡበትን ሰው አጡ። ባላቸው ሞተዋል። ልጃቸው ከፊታቸው ታለቅሳለች።

ይኼኔ ማንደፍሮ ተነሣ። ለማንም ሳይናገር ከግቢው ወጣ፤ ሰዉም አፍሮ የሄደ መሰለው። ሲመለስ አንገቱ የተሰበረ ገንቦ በሁለት እጁ አቅፏል። እሱ ሳይደርስ ሽታው ደረሰ። ወይዘሮ ዘርትሁን ቀና ሲሉ ገንቦው ውስጥ ወደ ጥቁር የምታደላ፣ የተደራረበች ቀይ ጽጌረዳ ቆማለች። እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ።

«ቡቃያዋን የቆረጥኳት እኔ ነኝ» አለ ማንደፍሮ።

ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ተረከ። ጥቁረቱ ሲወርድ አይቶ፣ ቡቃያዋም ነገ ከነገ ወዲያ እንደምትበከል ገምቶ፣ ማንም ሳያየው በምላጭ ቆርጦ ወሰዳት። ከቀፎዎቹ አጠገብ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ገንቦ ውስጥ ተከላት። ብዙ ጊዜ የሞተች መስላ ነበር። ሥር መስደዷን እንኳ ያወቀው ቅጠል ስታወጣ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉት እናቱ።

«ብትሞት ሁለተኛ እንዳትቀብሪያት ብዬ ነው፣ እምዬ።»

ደብሪቱ ከኋላ ቆማ ነበር። «እኔ ከነነፍሴ ስቀበርስ?» አለችው።

ማንደፍሮ ገንቦውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ላቀው ወደ ሚስቱ መዞር ፈልጎ መዞር አቃተው።

ሽማግሎቹ ሦስቱም ልጆች የሚሉትን እንዲሉ ፈቀዱ። ላቀው ቡቃያዋ የበቀለችው ፀሐይ ስላገኘች ነው፣ ፀሐይዋን ያገኘችው ደግሞ እኔ ቤቴን ስላፈረስኩ ነው፤ ማንደፍሮ ያዳነው እኔ ያስበቀልኩትን ነው አለ። ወንድሙና እህቱ ለዚህች ተክል ከቤታቸው አንድ ድንጋይ እንዳላጎደሉም አስታወሰ።

ወለላ እያለቀሰች ነበር፣ ቃሏ ግን ጠንካራ ነው። አባቴ በእጁ የሰነጠቀው፣ ቀይዋን ያን ሁሉ ዘመን ያበላውና ያጠጣው ይህ ሥር ነው፤ ዛሬ በእናቴ ደጅ በሕይወት ያለ የአባቴ ነገር እሱ ብቻ ነው፤ እኔ ባልቆርጥ እሱም አይኖርም ነበር አለች። ማንደፍሮ ቡቃያዋን ተደብቆ ባይወስድ ኖሮ መጥረቢያ እንደማታነሣም ተናገረች።

ማንደፍሮ ከሁሉ ያነሰ ተናገረ። «እናቴ የማለችው ለቀይዋ ነው» አለ። «ቀይዋ ይቺ ናት።»

አያ ደጀኔ ሦስቱንም ሰምተው፣ ከቀይዋ አንድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ በቀጋው ላይ ይሻጥ፣ አባታችሁ እንዳደረገው ይሁንና ነገሩ በዚህ ይለቅ አሉ። ሰዉ ሁሉ እፎይ አለ። እውነትም ተክሏ በዚያ መንገድ ወደ ቦታዋ ልትመለስ ትችላለች። ወይዘሮ ዘርትሁን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አበባውስ ይጣበቅ» አሉ። «መሐላዬን በማን ላይ ላጣብቀው? ያዳነልኝ ልጅ አልኩ እንጂ ያዳኑልኝ ልጆች አላልኩም። ደግሞስ የዳነችው የትኛዋ ናት?»

ወደ ፈረሰው ቤት አዩ። ወደ ነጩ ቀጋ አዩ። ወደ ገንቦው አዩ። ከዚያ ወደ ደብሪቱ አዩ፤ እሷ ግን ልጇን አዝላ ከግቢው እየወጣች ነበር፤ ማንም አልጠራትም። ወይዘሮ ዘርትሁንም ፍርዱን ሳይሰጡ ሰዉን አሰናበቱ። በዚያ መንደር እስከ ዛሬ ድረስ ወንድማማች ሳይቀር በዚህ ነገር ይከራከራል ይባላል።

እንግዲህ ዳኞቹ እናንተ ናችሁ። አንዱ ለፀሐይ ብሎ የሚስቱን ጎጆ አፈረሰ። አንዷ የእናቷን ልብ በመጥረቢያ መትታ የአባቷን ሥር አተረፈች። አንዱ እውነተኛዋን አበባ አኖረ፤ ያኖራት ግን ሰርቆ፣ ዋሽቶ፣ በሰው ስም ተሸሽጎ ነው። መሐላው ለአንድ ሰው ነው፤ የሟች አጥንትም ይጠብቃል። በወይዘሮ ዘርትሁን ቦታ ብትቆሙ፣ ጽጌረዳዋን ያዳነው የትኛው ነው ትላላችሁ? ቤቱስ፣ ግቢውስ፣ የእናቲቱስ እርጅና ለማን ይገባል?